ያቃጠልኩት ደብተርና ፕሮፌሰር መስፍን

መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ፓዌ፣ ግቢዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። የመጨረሻ ልጄ ስልኩን እንደያዘ መጣና "እማዬ፣ ፕሮፌሰር መስፍን አረፉ" አለኝ። ኮሮና ነበር የወሰዳቸው፤ 90 ዓመታቸው ነበር። የጤና ባለሙያ ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሳንባቸው ነው። ቀጥሎ ግን "እኒህ ሰው በዚህ ዕድሜያቸው አልጋቸው ላይ ማረፋቸው ራሱ ተመስገን ነው" ብዬ በርበሬዬን መቀንጠስ ቀጠልኩ። ስንት ጊዜ ታስረው እንደነበር አውቅ ነበርና።

ልጄ ግን ቆሞ ቀረ። "አንድ ሰው ስም በመጻፉ ይህን ያህል ይታሰራል?" አለ። አልመለስኩለትም። ወር ሳይሞላ ጥያቄው ወደ ራሳችን ቤት እንደሚመጣ መች አወቅሁ።

ፓዌ ውስጥ ዛሬም በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ "ሲስተር" ነው የሚለኝ። በነርስነት ሙያ በዲፕሎማ ተመርቄ ወደዚህ የመጣሁት በ1979 ዓ.ም. ነው፤ በጡረታ ስሰናበት ፀጉሬ ሸብቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከታካሚ መዝገብ ላይ አንዲት ገጽ ቀድጄ አላውቅም። የሞተ ሕፃን ስም ይሁን፣ የራሴን ስህተት የሚያሳይ ይሁን፣ አንዴ የተጻፈ ተጽፏል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን የሰው ስም የተጻፈበት ደብተር በገዛ እጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩ። ደብተሩ የልጄ ነበር።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ደብተርና የሰውን በደል በመመዝገባቸው ደጋግመው ስለታሰሩ አንድ አዛውንት ነው። ሁለቱን ለይቼ ማውራት አልቻልኩም።

ሳይጠየቅ የመጣ ሰው

ፓዌን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በበለስ ወንዝ ሜዳ ላይ ያለች ሞቃት ወረዳ ናት። በ1977ቱ ረሃብ ማግስት የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር፣ ከከምባታና ከሐዲያ ሳይቀር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አምጥቶ አሰፈረባት። መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ነው የተሰጣቸው። ዛሬም "እኔ የመንደር 7 ልጅ ነኝ" እንባባላለን። ሰፋሪው ከመምጣቱ በፊት መሬቱ የጉሙዝ ሕዝብ ማረሻና ማደኛ ነበር። ሰፋሪውን "ትሄዳለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ጉሙዙንም "ትለቃለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በኋላ በጣልያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት መጣ፤ መንገድ ተጠረገ፣ ሆስፒታል ተሠራ፣ ትራክተር ሜዳውን ሞላው።

እኔ ስመጣ ትልቁ ጠላታችን ወባ ነበር። ከደጋ የመጣ ሰው ወባን አያውቃትም፣ ሰውነቱም አልለመዳትም። በረሃብ የከሳ አካል ላይ ስትወድቅ ደግሞ ጊዜ አትሰጥም። ሌሊት በፋኖስ መዝገብ እንጽፋለን፦ ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር፣ የመጣበት ቀን፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ውጤቱ። አንድ ሌሊት አንድ የወሎ አዛውንት ስማቸውን ስጠይቃቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ልጄ፣ ረሃቡ ሲመጣ ማንም አልጠየቀን፣ በመኪና ስንጫንም ማንም አልጠየቀን። ስሜን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ" አሉኝ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ስማቸው ግን መዝገቡ ላይ ቀረ። ቤተሰቦቻቸው ከዓመታት በኋላ ሲመጡ፣ አባታቸው መቼና በምን እንዳረፉ ያገኙት ከዚያች አንዲት መስመር ነው።

የእኒያ አዛውንት ነገር በምሁር ብዕር ተጽፎ እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የጂኦግራፊ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የአገራችን ገጠር ለረሃብ እንዴት እንደተጋለጠ ያጠኑበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አላቸው። በእኔ አነጋገር ሐሳቡ ይህ ነው፦ ዝናብ መቅረቱ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ሰው በረሃብ ማለቁ ግን የአስተዳደር ነገር ነው። ገበሬው ዝናብ የቀረ ዕለት የሚሞተው፣ ዝናብ በነበረበት ዘመንም ያመረተው ተወስዶበት ጎተራው ባዶ ስለነበር፣ ሲጮኽም የሚሰማው ስላልነበረ ነው። እንግዲህ ረሃብን ሲያጠኑ ኖረው ወደ ሰብዓዊ መብት መምጣታቸው መንገድ መቀየር አልነበረም። ያው መንገድ ነው።

ከመማሪያ ክፍል ወደ እስር ቤት

ፕሮፌሰር መስፍን የተወለዱት በ1922 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በሕንድና በአሜሪካ ተምረው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን አስተማሩ። በ1966ቱ አብዮት ጊዜ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጉዳይ እንዲያጣራ በተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ውስጥ አገልግለዋል። የኮሚሽኑ ሥራ ገና ሳያልቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ነገርን በመረጃ ለማጣራት ለተቀመጠ ሰው ከዚህ የከበደ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ ምርመራው ሳያልቅ ተመርማሪው አለቀ።

ደርግ ወድቆ ሌላ መንግሥት ሲመጣ፣ በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ። በአጭሩ ኢሰመጉ የምንለው ነው። (በመንግሥት አዋጅ በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ከኢሰመኮ፣ ጋር አታምታቱት። ኢሰመጉ የዜጎች ማኅበር ነው።) ሥራው ለእኔ ለነርሷ እንግዳ አልነበረም። ማን ተገደለ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ከሥራው ተባረረ፣ መቼ፣ የት፣ በማን፤ እየመዘገቡ በመግለጫ ማውጣት። እኛ የታመመ ሰው እንመዘግባለን፣ እነርሱ የተበደለ ሰው ይመዘግባሉ።

የኢሰመጉ መዝጋቢዎች ግን ከእኛ ይልቅ ዋጋ ከፈሉ። የጉባኤው የሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ።

የፕሮፌሰሩ ተራ በ1993 ዓ.ም. ደረሰ። በዚያ ዓመት መጋቢት መጨረሻ እርሳቸውና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ትምህርት ነፃነት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊት ተናግረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች "ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ" ብለው ተነሡ፤ ነገሩ ወደ ከተማ ወጥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ሚያዝያ 30 ቀን ሁለቱም "ሁከት አነሣስታችኋል" ተብለው ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ምግብ አቆሙ። በዋስ የተለቀቁት ግንቦት 28 ቀን ነው። ፕሮፌሰሩ ያኔ 71 ዓመታቸው ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ነርስ አንድ ነገር ልበል። በ71 ዓመት ምግብ ማቆም የወጣት ምግብ ማቆም አይደለም። አዛውንት ሰው ቶሎ ይደርቃል፤ ጥማቱን እንኳ እንደ ወጣት አይሰማውም። ጡንቻው ቶሎ ይመነምናል፣ ደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲነሣ ይወድቃል። የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነማ አደጋው የቀናት ነው። እኒህ ሰው ይህን ሁሉ ስለማያውቁ አላደረጉትም።

ሁለተኛው እስር የከፋ ነበር። የ1997ቱ ምርጫ ሲመጣ ፕሮፌሰር መስፍን ቀስተ ደመና በሚባለው ፓርቲ በኩል ቅንጅትን ተቀላቅለው ነበር። በምርጫው ውጤት ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ በሰኔና በጥቅምት ሰው አለቀ። ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበራት ሰዎች ታፈሱ። ፕሮፌሰሩ 75 ዓመታቸው ነበር። ክሱ ከባድ ነበር፤ አብዛኞቹ ተከሳሾች "ፍርድ ቤቱ ነፃ አይደለም" ብለው አልተከላከሉም። በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ብዙዎቹ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በዚያው ሳምንት፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ በይቅርታ ወጡ። ወደ 21 ወር ገደማ መሆኑ ነው።

ቃሊቲ በር ላይ የቆሙ አያቶች

በእስር ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይጻፉት ቤተሰቦች ናቸው። በአገራችን ልማድ የታሰረ ሰው የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ በሚሄድለት ስንቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲታሰር የሚታሰረው ብቻውን አይደለም። ሳህን የሚሸከም፣ ከሥራ የሚቀር፣ ልጅ የሚያባብል ሰው አብሮት ይታሰራል።

ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የቀድሞዋ ዳኛና የቅንጅት መሪ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስለ ይቅርታው በተናገሩት ምክንያት እንደገና ሲያዙ ፕሮፌሰር መስፍን አብረዋቸው ነበሩ። ወደ 80 የተጠጉት አዛውንት በዚያ ጊዜ በሰደፍ መመታታቸው ተዘግቧል። ወይዘሪት ብርቱካን ዕድሜ ልካቸው ተመልሶባቸው ቃሊቲ ገቡ። ለወራት ሊጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ትንሿ ሴት ልጃቸው ብቻ ነበሩ። እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም. ድረስ አያት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደዚያ በር ሲመላለሱ አስቡት። አያት የሆናችሁ ሁሉ የዚያን መንገድ ርዝመት ትረዱታላችሁ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ እኚሁ እስረኛ የነበሩ ሴት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በ1998 ታስረው የነበሩት የሕግ ባለሙያው ዶክተር ዳንኤል በቀለም በ2011 ዓ.ም. የኢሰመኮ ዋና ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። ዘመን ይገለበጣል። ያለፈው ዕድሜና ያደገው ልጅ ግን አይመለሱም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኢራናዊቷ የመብት ተሟጋች ናርጌስ ሞሐመዲ በ2023 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፣ የሽልማት ኮሚቴው 13 ጊዜ መታሰራቸውን ገልጾ ነበር። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ኦስሎ ላይ ሽልማቱን የተቀበሉላቸው መንታ ልጆቻቸው ናቸው፤ እናት እስር ቤት ነበሩ። መድረኩ ላይ ለእናት ባዶ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ወንበሩን በፎቶ ሳየው የተሰማኝን አልደብቃችሁም። ኩራት አልነበረም። "ምነው እናታችሁ አርፋ በተቀመጠች" ነው ያልኩት።

የልጄ ደብተር

ወደ ራሴ ልመለስ። ፕሮፌሰሩ ባረፉ ሰሞን መተከል እየነደደ ነበር። በ2012 ማብቂያና በ2013 በዞናችን የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቀበሌ በአንድ ቀን ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ኢሰመኮ አስታውቋል። አማራው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው፣ አገው፣ ጉሙዙ፤ ያላለቀሰ ቤት አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሎ ወደ ቻግኒ ተሰደደ፤ ብዙ ሰውም ወደ እኛ ወደ ፓዌ ገባ።

የመጨረሻ ልጄ መምህር ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ተፈናቃዮች ካሉበት ይውል ነበር። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛና መጻፍ ጀመረ፦ ማን ከየት መጣ፣ ማን ሞተበት፣ የት ተቀበረ፣ ማን ጠፋበት። ሰፋሪም ይሁን ጉሙዝ አይለይም፤ ሁሉንም ይጽፋል። ደብተሩን ሳየው ልቤ ደነገጠ። መስመር በመስመር ተሰምሯል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር፣ ቀን። የእኔ የታካሚ መዝገብ ነበር። በልጅነቱ ማታ ተረኛ ስሆን እያየ ያደገውን ነው የደገመው።

መጀመሪያ 11 ቀን ታሰረ። ስሙን በማልጠቅሰው ቦታ ነው። ለምን እንደታሰረ የነገረኝ የለም። በየቀኑ ሳህን አንጠልጥዬ እሄዳለሁ፤ ጠባቂው "ቅመሺ" ይለኛል፣ ለልጄ የሠራሁትን ወጥ እቀምሳለሁ፣ ሳህኑ ይገባል። ልጄ አስም አለበት። መድኃኒቱን ያስገቡልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ተለቀቀ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲወስዱት ሌሊት ነበር። ውሻው ጮኸ፣ በሩ ተንኳኳ፣ ሄደ። እስኪነጋ ተቀመጥኩ። ጎሕ ሲቀድ ትራሱ ስር እጄን ሰደድኩ፤ ደብተሩ እዚያው ነበር። ተመልሰው ቢመጡና ቢያገኙትስ? ከ40 በላይ ስም ነበረበት። ለእንጀራ ያቀጣጠልኩት እሳት ምጣዱ ስር ነበር። ጨመርኩት። ሽፋኑ ቶሎ አልያዘም፤ ገጾቹ ግን ወዲያው ተያያዙ። ከዚያ እንጀራዬን ጋገርኩ፤ ከዚያው እንጀራ ስንቁን ጠቅልዬ ወሰድኩለት።

ከ23 ቀን በኋላ፣ አሁንም ያለ ክስ፣ ተለቀቀ። ቤት ገብቶ ገላውን ከታጠበ በኋላ "ደብተሬስ?" አለኝ። ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ሳምንት ያህል ከ"እሺ"ና ከ"ደህና እደሪ" በቀር አላናገረኝም። በስምንተኛው ቀን ቡና እያፈላሁ አጠገቤ ተቀመጠና "እማዬ፣ ከነዚያ ሰዎች ሦስቱ ዘመድ የሌላቸው ናቸው። ከዚያ ደብተር በቀር የትም አልተጻፉም" አለኝ።

ጀበናውን አወረድኩት። የወሎው አዛውንት ትዝ አሉኝ። ያቺ አንዲት መስመር ባትኖር ኖሮ ልጆቻቸው ምን ያገኙ ነበር?

ፍርሃት የቤተሰብ ነው

ፕሮፌሰር መስፍን በመጨረሻ ዘመናቸው ከጻፏቸው መጻሕፍት አንዱ "አዳፍኔ፦ ፍርሃትና መክሸፍ" ይባላል። አርዕስቱን ከዚያ በኋላ ሳየው ወደ ራሴ የተነገረ መሰለኝ። ፍርሃትን ባለሥልጣን ብቻ አያመጣትም። ባለሥልጣን ይጀምራታል፣ እኛ እናቶች በጓዳ እንቀልባታለን። "ተው ልጄ፣ ምን አገባህ" ስንል ከፍቅር ነው፤ ግን ያው ፍርሃቱን ማሳደግ ነው።

ሁሉም ሰው በፕሮፌሰሩ የሚስማማ እንዳይመስላችሁ። "አማራ የሚባል ብሔረሰብ የለም" ማለታቸው ብዙ ሰው አስቆጥቷል። የመብት ጉባኤ መሥራች ሆነው ወደ ፓርቲ ፖለቲካ መግባታቸውንም ያልወደዱላቸው ነበሩ፤ መዝጋቢ ወገን ሲይዝ መዝገቡ ይጠረጠራል የሚሉ። ይህ ሚዛን ያለው ወቀሳ ነው፤ ለልጄም ነግሬዋለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። በ71 ዓመታቸው ታስረው ሲወጡ፣ በ77 ዓመታቸው ታስረው ሲወጡ፣ ተመልሰው የተቀመጡት ወንበራቸው ላይ ነው፤ ብዕር ይዘው። "መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ" የተባለው መጽሐፋቸው በ2005 ዓ.ም. የወጣው 80 ካለፉ በኋላ ነው።

ልጆቻችሁን ጀግና አድርጓቸው አልላችሁም፤ እኔም አላደረግሁም። ልጅ እንዲታሰር የምትመኝ እናት የለችም። ነገር ግን ያ ቀን ቢመጣ ደንግጠን እንደ እኔ እሳት አጠገብ እንዳንቆም ጥቂት ነገር አስቀድመን ማወቅ አለብን።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። አንቀጽ 21 ደግሞ እስረኛ ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። "ሐኪም" የሚለውን ቃል ልብ በሉት። የታመመ ልጅ ወይም አዛውንት ሲታሰርባችሁ፣ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና የሚወስድበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ፣ ከተቻለ ከጤና ተቋም አስመስክራችሁ አስገቡ። ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። የሄዳችሁበትን ቀን፣ ያነጋገራችሁትን ሰው፣ የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ። ስኳር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ደም ግፊት፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለአንድ ቀን መቋረጥ የለባቸውም። ይህን ስትናገሩ አትለማመጡ፤ የምትጠይቁት ሕግ ነው። አቤቱታ ለኢሰመጉም ለኢሰመኮም ማቅረብ ይቻላል፤ ኢሰመኮ በክልላችን በአሶሳ ቅርንጫፍ አለው።

ትንንሽ ልጆች ካሉ አትዋሹባቸው። "አባዬ መንገድ ሄዷል" የተባለች የልጅ ልጄ ማታ ማታ በር እየከፈተች ትጠብቀው ነበር። በመጨረሻ እናቷ "አባትሽ ታስሯል፤ የት እንዳለ እናውቃለን፤ እማማ ምሳ ትወስድለታለች" ስትላት ነው ተኝታ ያደረችው። ልጅን የሚያሳምመው ባዶው ነው፤ እውነቱን በልኩ ብታገኝ ትሸከመዋለች።

አዲሱ ደብተር

ያን ቀን ቡናው ሳይጠጣ በረደ። ልጄን "ስንቱን ታስታውሳለህ?" አልኩት። "ግማሹን" አለኝ። ተነሥቼ አልሙ ገበያ ወረድኩና ደብተር ገዛሁ። በዚህ ጊዜ ወፍራም ሽፋን ያለውን፣ እኛ ጤና ጣቢያ የምንጠቀምበትን ዓይነት።

ለሁለት ተቀመጥን። እርሱ ሲጠራ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱን ቤተሰብ እኔው አዋልጄ ስለማውቃቸው ዕድሜውን አስተካከልኩለት። በሚቀጥሉት ሳምንታት በየመጠለያው ዞረን ጠየቅን። አንዲት የጉሙዝ እናት ስታየኝ "ሲስተር፣ የእኔን ልጅ ጽፈሽዋል?" አለችኝ። አቃጥዬዋለሁ ልላት አልቻልኩም። "እንደገና ንገሪኝ፣ በደንብ ልጻፈው" አልኳት። እርሷም እንደገና ነገረችኝ፤ እንደገናም አለቀሰች። ያ የእኔ ዕዳ ነው።

እስከ ዛሬ 37 ስም መልሰናል። የቀሩት አልተገኙም። ዘመድ የላቸውም ካላቸው ከሦስቱ የሁለቱን ልጄ አስታወሰ። የሦስተኛውን፣ ከመንደር ወደ መንደር ቆሎ እየሸጠ ይኖር የነበረ ወጣት ነው ይላል፣ ስሙን ልናገኘው አልቻልንም። ለእርሱ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ባዶ ትተንለታል።

ልጄ አሁንም ያስተምራል፣ አሁንም ይጽፋል። እኔም አሁንም እፈራለሁ፤ ውሻው ሌሊት ሲጮኽ እነቃለሁ። ደብተሩ ግን ከእንግዲህ ትራሱ ስር አያድርም። እኔ ክፍል ውስጥ፣ በሣጥኔ፣ ከዲፕሎማዬ ጋር ነው ያለው።